ሰባተኛው ጎድን

እኛ ደሴት ላይ፣ ቺሎኤ፣ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
የቤት ልጅ ነው፤ ሲገባ ከመቀመጫው የሚነሣለት የለም።
የዚያ ሰኔ ነፋስ ግን ሌሊቱን እንደ ሰካራም በር ሲደበድብ አድሮ፣
የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ወሰደው፣ እንደ ባርኔጣ አሽቀንጥሮ።
ሲነጋ፣ ከዶሚቲላ ድንች ማሳ ላይ ተገኘ በአፍጢሙ ተደፍቶ፤
ዶሮዎቿ ሰፍረውበታል፤ ማን ያስወጣቸው፣ ማን ገብቶ!

አባ ፕላሲዶ መጡ፣ ከቆባቸው ጫፍ ውሃው እየተንጠባጠበ፤
"ኤሌውቴሪዮ፣ ሥራልን" አሉት። አባቴ ጢሙን ይዞ አሰበ።
"እኔ ጀልባ ሠሪ ነኝ፣ አባ። የእኔ እንጨት የሚያውቀው ከታች የሚገፋ ውሃ ነው፤
ይሄኛው ከላይ ነው የሚወርደው።"
"ታዲያ ገልብጠው!"

ገለበጠው። ወረቀት ላይ። ሦስት ሳምንት አሰመረ፣ ሰረዘ፤
እናቴ በንድፉ ሾርባ አበሰለችበት፤ እሱ ግን ከቀን ቀን ተከዘ።

ከድንጋዮቹ ማዶ፣ ጥር ላይ ባሕሩ የተፋው ዓሣ ነባሪ ነበረ፤
ሽታው ወራት ሙሉ፣ እንደ አበዳሪ፣ በየደጁ ሲዞር የኖረ።
ሥጋውን የባሕር ወፍ፣ ቅባቱን ጎረቤት፣ የተረፈውን ዝናብ ተካፈለ፤
አጥንቱ ግን ነጥቶ፣ አሸዋው ላይ ጎድን በጎድን ቆሞ አለ።

"ኖልፋ፣ ነይ፣ ሲባጎ ያዢልኝ" አለኝ፣ አንድ ቀን ባሕሩ ወደ ኋላ ሲመለስ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሻርፔን አፍንጫዬ ላይ አሰርኩ፣ ሽታው እንዳይደርስ።
ገባን። ሰማዩ በቁመቱ ተሰነጣጥቆ ይታያል በየመሃሉ፤
ነፋሱ መጣ፣ ያ ጣሪያ የነጠቀን ነፋስ። አጥንቶቹ አልታገሉ፤
አፏጩና አሳለፉት።
አባቴ መዳፉን ጎድኑ ላይ ጣለ፣ እንደ ፈረስ አንገት ዳሰሰው፤
"አየሽ?" አለ። እኔ ያየሁት ሸርጣን ብቻ ነው።

የሲባጎው አንድ ጫፍ በእኔ ጣት፣ ሌላው በእሱ ጥርስ ተነክሶ፣
በየልኩ ቋጠሮ ቋጠረ፣ አንዴ ሄዶ፣ አንዴ ተመልሶ።
ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ፤ ንድፉ ሁሉ ቋጠሮ፤
ከኪሱ ገባ ያ ሁሉ ጣሪያ፣ አንድ እፍኝ ሆኖ ታስሮ።

በግራ በኩል፣ ሰባተኛው ላይ፣ እጁ ቆመ።
ከመሃሉ ያበጠ ጎድን፣ ወደ ውስጥ የተጣመመ፤
በሕይወት ሳለ የተሰበረ፣ ከነስብራቱ የዋኘ፣ ያገገመ።
መርከብ መትቶት? ሌላ ዓሣ ነባሪ? ባሕር አይናገርም።
"ይሄን እንዝለለው?" አልኩ። ሁለት ጊዜ ለካው እንጂ አልመለሰልኝም።

መስከረም ላይ ደሴቱ ለደቦ ወጣ፤ በሬው ጥዱን ከጫካ ሳበ፤
ግንዱ በእንፋሎት ታጥኖ፣ እንደ እንቅልፋም ልጅ ክንድ ለዘበ።
ሰባተኛው ሲሰቀል አባ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ፤
"ይቺ ጠማማ ናት!"
"ልኳ ነው" አለ አባቴ። ሌላ አልተናገሩ።

አሁን ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ቁልፉ እኔ ዘንድ ይቀመጣል።
ጣሪያው በሩ አጠገብ ያንጠባጥባል፤ ይሁን፣ ዝናብም ድርሻ ይፈልጋል።
ከሳንቲያጎ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ወለሉ ላይ በጀርባቸው ይተኛሉ፣
ካሜራቸውን ወደ ላይ ደግነው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ይቆያሉ።
ባለፈው እሑድ አንዲት ልጅ፣ ጀርባዋ አቧራ እንደ ለበሰ፣ ተነሥታ፣
"ያ ሰባተኛው፣ ስሕተት ነው ጌጥ?" አለችኝ፣ የሳለችውን አሳይታ።
ደብተሯ ላይ አቅንታዋለች።

ከመሳቢያው ሲባጎውን አወጣሁ፤ ጠቁሯል፣ ቋጠሮው ግን አልላላም፤
አንዱን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠምኩ፤ ሌላውን በጥርሴ እንዳልይዘው፣ ጥርሱ የለም።
"ቁጠሪ" አልኳት።
አምስት፣ ስድስት አለች። ቀጥሎ ጣቷ ቆመ፣
ከድርቡ ቋጠሮ ላይ።